ሚዜው የማን ነው?

ድሮ «ሚዜ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ «ሱፍ ይለብሳል፣ ይጨፍራል፣ ሙሽራው ሲጨንቀው ላቡን ይጠርግለታል» ብዬ እስቅ ነበር። ሚዜ ማለት የባል ጓደኛ ነው፣ በቃ። ይህን ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቅዳሜ ነው። እኔና ልጄ ዛሬ በሰላም ተኝተን የምናድረው በዚያ ቅዳሜ ምክንያት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ እወቁልኝ። ሂሩት እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ አፌ ስል ስለነበር አባቴ «ይቺ ልጅ ጠበቃ ካልሆነች ምላሷ በከንቱ ይቀራል» ይለኝ ነበር። ብሩክ ከሲያትል መጥቶ ሲያገባኝ ያስደሰተውም ይኸው አፌ ነው። «ስታወሪ አልጠግብሽም» ይለኝ ነበር። ቪዛዬ ወጥቶ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባለው ሰፈር ገብቼ አብረን መኖር ስንጀምር ግን ቶሎ ጠገበኝ።

ብሩክን ውጭ ብታገኙት ትወዱታላችሁ። ኤቨረት ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ነው ሥራው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ለአዲስ መጪ ሶፋ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣል። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚሉት እሱን ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ «ስልክሽን ልየው» አለ። ቀጥሎ «መንዳት ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለ። ከዚያ የእንግሊዝኛ ክላሴን አስቋረጠኝ፣ አውቶቡስ ብቻዬን መሳፈርም ተከለከለ። ግሪን ካርዴን እሱ ያስቀምጠው ጀመር። ዱላው የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ሲመጣ የምጮህበት ሰው አልነበረኝም።

«ፖሊስ ብትጠሪ ዲፖርት የምትደረጊው አንቺ ነሽ፣ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች» ይለኝ ነበር። ልጅቷ ማለት ሶልያና ናት፣ ያኔ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። በዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ሶሊን ማጣት ነበርና አመንኩት።

ለሶሊ አንድ ዘዴ አስተምሬያት ነበር። «የአባባ ድምፅ ከፍ ሲል ብርድ ልብስሽን ተከናንበሽ ቁጠሪ፣ ስትጨርሺ እማማ ትመጣለች።» የምትችለው እስከ ሃያ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሃያ ደርሳ ካልመጣሁ ከአንድ ትጀምራለች።

ከዚያ ቅዳሜ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንዴ ጠፍቼ አንዲት የማውቃት ሴት ቤት አድሬ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንጋፋው ጋሽ ወልዴ «አንተም ቁጣህን ቀንስ፣ አንቺም አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ባል ነውና ቻይው» ብለው አስታረቁን። መርቀውን ወጣን። ቤት ስንገባ የሆነውን አልጽፈውም።

አሁን ወደ ቅዳሜው። ሐሙስ ዕለት እናቴ ጋ ስደውል ስልኩን ሊነጥቀኝ እጄን ጠመዘዘው፣ አንጓዬ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ልጄን ይዤ አገሬ እገባለሁ» አልኩት። በነጋታው እኔ ለማንም ሳልናገር እሱ ለሽማግሌዎች ከሶኝ አደረ። ቅዳሜ ከሰዓት ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ወልዴ ቤት ተቀጠርን። ጠዋት ኦቨርታይም ሥራ ስለነበረው እኔንና ሶሊን የሚያደርስ ሰው አስፈለገው። አውቶቡስ አይታሰብም። ስለዚህ ሚዜውን ደረጀን ላከ።

ደረጀ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ እሱም የሚኖረው ሬኒየር ቢች ነው። ሠርጋችን ላይ አንደኛ ሚዜ ሆኖ ከብሩክ ጋር አብሮ ከሲያትል መጥቶ ነበር። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ያየሁት ግን ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። የብሩክ ሰው ነው ብዬ እርቀው ነበር። በዚያ ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ ልቤ የመታው እስር ቤት ሊያደርሰኝ የመጣ ይመስል ነው።

«ሙሽሪት፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ። ሚዜዎች እንዲህ ናቸው፣ የልጅ እናት ሆነሽም ሙሽሪት ይሉሻል። ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሼ ነበር፣ የተጎዳውን ቀኝ እጄን ከሥር ደብቄ በግራዬ ጨበጥኩት። አየት አደረገኝ።

ሶሊን ከኋላ በሕፃን ወንበሯ አሰርናት፣ እኔ ከፊት ገባሁ። አይ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ወደ ደቡብ ተጓዝን። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ልጆቹ አወራ፣ እኔ «እህ» እና «አዎ» ብቻ እመልሳለሁ። ልቤ ውስጥ ግን እያሰላሁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያስታርቁናል፣ ይመርቁናል፣ ማታ ቤት እንገባለን። ከዚያስ?

ድንገት ከደመናው መሀል ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችብን። የሲያትል ፀሐይ ስትቀርም ስትመጣም አትናገርም። ደረጀ ከመስታወቱ በላይ ያለውን የፀሐይ መከለያ ሊያወርድ እጁን ፈጠን አድርጎ አነሳ።

ሳላውቀው ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፍኜ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ከኋላችን ደግሞ ጃኬቷ ውስጥ የታፈነች ቀጭን ድምፅ ተሰማች።

«ዋን… ቱ… ስሪ… ፎር…»

ደረጀ እጁን በጣም ቀስ አድርጎ መሪው ላይ መለሰው። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሶሊ ጃኬቷን ተከናንባ እየቆጠረች ነበር። ፍሬቻ አበራ፣ በሚቀጥለው ኤግዚት ወጣና አንድ ሱፐርማርኬት ፊት ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ።

አለቀልኝ አልኩ። አሁን ለብሩክ ኮል ያደርጋል፣ «ሚስትህ አብዳለች» ይለዋል።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው።»

«ሶሊንስ? እሷንም መቁጠር ያስተማራት ደረጃው ነው?»

ያ ስል አፌ የት እንደገባ አላውቅም። «ደረጀ፣ በናትህ እንሂድ» አልኩት። «ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ ነው። ካረፈድን እሱ…» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

«አባትሽ የሠርጉ ዕለት ምን እንዳሉኝ ታስታውሻለሽ?»

አላስታውስም። ያን ቀን እያለቀስኩ ስለነበር የማስታውሰው ኩሌ መቅለጡን ነው።

«በር ላይ እጄን ያዙኝ» አለ። «‹ለባሏ ሚስት ሰጠሁት፣ ለሷ ደግሞ አንተን ወንድም ሰጠኋት። ሩቅ አገር ነው የምትወስዷት፣ እኔ አልደርስላትም። ብትበደል የምጠይቀው ባሏን አይደለም፣ አንተን ነው› አሉኝ። እኔም በቤተ ዘመዱ ፊት ‹ወንድሟ ነኝ› ብዬ ማልኩ።»

«አንተ የሱ ሚዜ ነህ» አልኩት።

«ጓደኝነቴ ለሱ ነው። የማልኩት ግን ላንቺ ነው። ሚዜ ለሙሽራው የሚምል መሰለሽ እንዴ? እሱን ማን ይነካዋል ተብሎ?» አለኝ። «ስደውል ‹ተኝታለች› ይለኛል። ፋሲካ ላይ ልንመጣ ስንል ‹ሰው አትወድም› አለን። ባለቤቴ አልማዝ ‹እዚያ ቤት ደህና አይደለም› ስትለኝ ‹የሰው ትዳር ውስጥ አትግቢ› ብዬ አፏን አስያዝኳት። ስለዚህ አደራ በላሁ ማለት ነው። እስከ ዛሬ።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የመኪናው ስክሪን ላይ የብሩክ ስም ወጣ። ደረጀ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አነሳው፣ ድምፁ መኪናውን ሞላው።

«የት ደረሳችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን፣ ትራፊክ አለ።»

«እሷስ? አወራችህ?»

«ዝም ብላለች።»

«ጎሽ። እኔ አሁን ልወጣ ነው። ጋሽ ወልዴ ጋ ስንገባ ከጎኔ ተቀመጥ፣ አንተ ካለህ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ማታ ቤታችን ገብተን እኛው እንነጋገራለን።»

ማታ ቤታችን ገብተን። ይህ አነጋገር ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ እኔ ግን የታመመ እጄን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩት። ሶሊም ከኋላ የአባቷን ድምፅ ሰምታ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

«ምንድነው እሱ?» አለ ብሩክ።

«ሬዲዮ ነው» አለ ደረጀና ዘጋው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወዴት ልንዳ?» አለኝ።

«እንደፈለግክ።»

«አይሆንም። መሪውን እኔ ይዣለሁ፣ መንገዱን ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ጋሽ ወልዴ ቤት እንሂድ ካልሽ እንሄዳለን፣ ካንቺ ጎን እቀመጣለሁ። አልሄድም ካልሽም አንሄድም።»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቅኩ ዓመታት አልፈው ነበር። ምን እንደምበላ እንኳን አልመርጥም ነበር እኮ። ደረጀ አላጣደፈኝም። ሰዎች ጋሪያቸውን እየገፉ በመኪናችን ፊት ያልፋሉ፣ አንዲት ሴትዮ ቆማ የሽንኩርት ከረጢቷን ታስተካክላለች። ሶሊ ቆጥራ ቆጥራ ሲደክማት ከጃኬቷ ብቅ አለች።

«ሽማግሌዎቹ ጋ አልሄድም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ኦኬ። ሌላስ?»

«ሶሊ ርቧታል።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ።

ለሶሊ ሙዝና ወተት ገዝቶላት ተመለሰና ለአልማዝ ደወለ። አልማዝ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ያን ቅዳሜ ሥራ ላይ ነበረች። ነገሩን በሁለት ቃል ሲነግራት «እኛ ቤት እንዳትወስዳት» አለችው። «መጀመሪያ የሚፈልጋት እዚያ ነው። ወደኔ አምጣት፣ እጇም ይታያል።» እኔና ደረጀ ይህን አላሰብነውም ነበር።

ክሊኒኩ ስንደርስ አልማዝ ጥያቄ ሳታበዛ አቅፋ ተቀበለችኝ። እጄ ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ነርሷ በአስተርጓሚ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ስትለኝ ግን «ደረጃ» ልል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ልማድ ነው። ለደረጀ ቀስ ብዬ «አባቴ ምን ይላል?» አልኩት። «ልጄ አሜሪካ አገባች ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ነው የዳረኝ። ትዳሯን አፍርሳ መጣች ሲባል አንገቱን ይደፋል።»

«እሳቸውን እንጠይቃቸው» አለኝና ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። አገር ቤት መሽቶ ነበር። አባቴ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ፣ ደረጀም ሳይሸፋፍን ነገረው። «አባባ፣ እጠይቅሃለሁ ብለውኝ ነበር፣ ሳይጠይቁኝ ልናገር። ልጅዎን ባሏ ሲመታት ኖሯል፣ እኔም ሳላውቅላት ቀረሁ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ስልኩን ስጣት» አለ አባቴ። ተቀበልኩት። «ሂሩቴ፣ ዳርኩሽ እንጂ አልሸጥኩሽም። ሰዎቹ የሚጠይቁሽን እውነቱን ንገሪያቸው። የኔ አንገት የሚደፋው አንቺ የሞትሽ ዕለት ነው።»

ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልተቻለም፣ አስተርጓሚዋ «ቀስ በይልኝ እህቴ» እስክትል ድረስ። አባቴ ይባክናል ያለው ምላስ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸውን ሴቶች የምትረዳ አንዲት ሠራተኛ መጣች። ባሌ የሚያስፈራራኝ ነገር እውነት እንዳልሆነ፣ ለተመታች ሚስት ባሏን ሳትለምን የመኖሪያ ወረቀቷን የምትጨርስበት ሕግ እንዳለ፣ እርዳታ በመጥራቴ ልጄን እንደማልነጠቅ አስረዳችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኳት፣ ደጋግማ መለሰችልኝ። በዚያው ቀን እሱ የማያውቀው ቤት ማረፊያ ተዘጋጀልኝ።

ደረጀ ደግሞ ብቻውን ሬኒየር ቢች ሄደ። የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ሲገባ ብሩክ ሶፋው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ደረጀ ግን አልፎት ሄዶ ለኔ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ በሂሩት በኩል ነኝ» አለ። «አባቷ ሩቅ ናቸው። ወንድሟ እኔ ነኝ።»

ብሩክ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ «ሚስቴ የት ናት?» አለ። «ደህና ቦታ ናት፣ አጥንቷ ተሰብሮ ታክማለች» ሲባል ዘሎ ተነሳ። ቤት ውስጥ እኔን የሚያይበትን ዓይን አፍጥጦ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በደረጀ ላይ እጁን አነሳ። ያን እጅ ከኔና ከሶሊ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ጋሽ ወልዴ ተነስተው መሀል ገቡ። ዕርቁም በዚያው ተበተነ።

ማታ ወደ ማረፊያው ከመሄዴ በፊት ጋሽ ወልዴ በአልማዝ ስልክ ፈለጉኝ። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አምና ቻይው ብዬ የመለስኩሽ እኔ ነኝ።»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ እርስዎ አላወቁም…»

«አልጠየቅኩማ። ከሱ ጎን አስቀምጬ ‹ችግርሽ ምንድነው?› አልኩሽ። አጠገብሽ ተቀምጦ ምን ትያለሽ? አላስተዋልኩም። ይቅር በይኝ።»

በዕድሜዬ ሽማግሌ ሲያስታርቅ እንጂ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ይቅር ብያቸዋለሁ። ዛሬ እሳቸው ለሽምግልና ሲጠሩ መጀመሪያ ሴቷን ለብቻዋ፣ ሌላ ሴት ባለችበት ካላነጋገሩ አይቀመጡም አሉ። ዱላ ካለበትም «ይህ የኛ ሥራ አይደለም» ብለው ለሚመለከተው ይልካሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ፍርድ ቤት ነበር፣ እንቅልፍ የማጣባቸው ሌሊቶች ነበሩ፣ «ብመለስስ?» ያልኩባቸውም ቀናት ነበሩ። ደረጀንም «ትዳር አፍራሽ» ያሉት አሉ፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ሰላም አይሉትም። «አይቆጭህም?» ስለው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይለኛል። አሁን ሥራ አለኝ። መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲያስተምር ምን ያህል እንደሚጨቀጭቅ ያየ ያውቀዋል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ብሩክን ለማሳጣት አይደለም፣ ስሙንም ቀይሬዋለሁ። የጻፍኩት ላመሰግን ነው። ግን እግረ መንገዴን አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ። ዱላ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስልክሽን ሲቀማሽ፣ ከሰው ሲለይሽ፣ ወረቀትሽን ሲደብቅ ነገሩ ተጀምሯል፤ አጥንትሽ እስኪሰበር አትጠብቂ። «ሰው አትወድም» የተባለች ሴት ካለች ደግሞ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቋት፣ እሱ በሌለበት። ሚዜ የነበራችሁ ወንዶችም፣ ያን ቀን በር ላይ ምን ብላችሁ እንደማላችሁ እስቲ አስታውሱ። ምናልባት አንዲት ሙሽራ እናንተ የባሏ ሰው መስላችኋት ዝም ብላ ትኖር ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ደረጀ ቤት ተጋብዘን ነበር። ወጥ ቤት ከአልማዝ ጋር ሰሐን እያጠብን ሳለ ከጓዳው የሶሊ ድምፅ መጣ።

«ዋን… ቱ… ስሪ…»

ሰሐኑ ከእጄ አመለጠ። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ሮጥኩ። ሶሊ ግድግዳው ላይ ፊቷን ደፍታ ቆማለች። ብርድ ልብስ የለም። የደረጀ ልጆች ከአልጋ ሥርና ከመጋረጃ ጀርባ እየሳቁ ተደብቀዋል። ሃያ ደረሰች፣ ከአንድ ግን አልጀመረችም። ልጆቹ እንዳስተማሯት በተኮላተፈ አማርኛ «ኩኩሉ!» አለች።

«አልነጋም!» አሏት።

«ኩኩሉ!»

«ነጋ!»

ዘወር ስትል በሩ ላይ ቆሜ አየችኝ። «ማሚ፣ ዋይ አር ዩ ክራይንግ?» ብላ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ልትፈልጋቸው ሮጠች።